ሙቀት፣ ምስጥና ዘመድ

በይፋት ቆላ የአሮጌ ፎቶግራፍ ጠላቶች ሦስት ሲሆኑ፣ ከሚያደርሱት ጉዳት አንጻር ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደሩ ሙቀት፣ ምስጥና ዘመድ ይባላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ክፋት ሳያስቡ እንደ ተፈጥሯቸው የሚያጠፉ በመሆናቸው ይቅርታ ይገባቸዋል፤ ሦስተኛው ግን ፎቶግራፉን የሚያጠፋው ከልቡ ስለሚወደው ነውና ለመክሰስም ለይቅርታም አይመችም። እዚህ ላይ «አሮጌ ፎቶግራፍ» የተባለው በቤተ መዛግብት የተቀመጠው የነገሥታትና የመኳንንት ምስል ሳይሆን፣ በሸዋ ሮቢት፣ በጀውሃ፣ በሰንበቴና በአጣዬ መኖሪያ ቤቶች በቡፌው መስታወት ጥግ የተሰካው፣ በቆርቆሮ ሣጥን ግርጌ ከግብር ደረሰኝና ከመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ጋር የተኛው፣ ባለቤቱም «ይኼ እንኳ ተራ ነገር ነው» እያለ ለማንም የማይሰጠው ምስል ነው።

ከትንሹ ጠላት ሲጀመር፣ ሙቀት ፎቶግራፍን የሚጎዳው በእሳት መልክ ሳይሆን በዕድሜ መልክ ነው። ስለ ፎቶግራፍ አጠባበቅ ያጠኑ ሊቃውንት በግምት እንደሚያስቀምጡት፣ የክፍሉ ሙቀት በየ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የምስሉ እርጅና በእጥፍ ገደማ ይፈጥናል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ጣርማ በርን አልፈው ደብረ ሲናን ወርደው የሚደርሱባት ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚጨምር፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ10 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ሒሳቡ እንግዲህ ቀላል ነው፤ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ቀን፣ በአንድ ፎቶ ቤት፣ አንድ ፎቶግራፍ ተነሥተው አንዱ ቅጂ ደብረ ብርሃን ቢቀር፣ ሌላው ሮቢት ቢወርድ፣ የቆላው ቅጂ ከደጋው በአራት እጥፍ ፍጥነት ያረጃል። ከደጋ የወረደ መንገደኛ ጋቢውን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፤ ፎቶግራፍ ግን የሚያወልቀው ከቀለሙ በቀር ሌላ ልብስ የለውም።

የሚያወልቀውም በሥርዓት ነው። የቀለም ፎቶግራፍ የሚሠራው ወደ ሰማያዊ፣ ወደ ቀይና ወደ ቢጫ የሚያደሉ ሦስት ስስ የቀለም ንጣፎች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ነው፤ በቀድሞ ዘመን ከታተሙት በብዙዎቹ ላይ ቀድሞ የሚደክመው ወደ ሰማያዊ የሚያደላው በመሆኑ፣ ከዓመታት በኋላ ሙሽራው፣ ሙሽሪት፣ ሚዜዎቹና ከኋላቸው የቆመው ግድግዳ ሁሉ በአንድነት በርበሬ ይለብሳሉ። የዛሬ ልጆች የአያቶቻቸውን የሰርግ ፎቶ አይተው «ያን ዘመን ሰው ሁሉ ቀይ ነበር እንዴ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ጥያቄያቸው ሞኝነት ሳይሆን ትክክለኛ የኬሚስትሪ ምልከታ ነው። ጥቁርና ነጩ ፎቶግራፍ ግን ምስሉ የተሠራው ከብር ብናኝ ስለሆነ፣ በወጉ ከተያዘ ልጁንም የልጅ ልጁንም ይቀብራል።

ሁለተኛው ጠላት በጥቅል ምስጥ ቢባልም ባለሙያ የሚለየው በሁለት ነው። ምስጥ የሚፈልገው ወረቀቱን ነው፤ ሣጥኑ መሬት ላይ ከተቀመጠ ከሥር ገብቶ አልበሙን ከውስጥ ጨርሶ ሽፋኑን ብቻ ለክብር ይተወዋል፤ ባለቤቱም እስኪከፍተው ድረስ አልበም ያለው ይመስለዋል። ብል ደግሞ የሚፈልገው ፊቱን ነው። ብሩን ወረቀቱ ላይ አጣብቆ የያዘው ጄላቲን ከከብት አጥንትና ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ ነውና፣ ነገሩ በግልጽ ሲነገር ፎቶግራፍ በወረቀት ላይ በስሱ የተቀባ የአጥንት መረቅ ማለት ነው። ፎቶግራፍ በዚህ ትርጉም የፍስክ ምግብ ሲሆን፣ ብልም ሑዳዴ ገባ ብሎ የማይጾም ፍጥረት በመሆኑ፣ የቤተሰቡ አባት ከጉንጩ ጀምሮ እስከ ጺሙ ተበልቶ ባርኔጣው ብቻ ሲቀር ማየት በቆላ ቤቶች እንግዳ ነገር አይደለም።

ሁለቱም ጠላቶች ግን መድኃኒት አላቸው፤ ሣጥኑን ከመሬት አንሥቶ ጉልቻ ላይ ማስቀመጥ፣ ከግድግዳ ማራቅ፣ በየጊዜው መክፈትና ማየት አብዛኛውን ጉዳት ያስቀራል። መድኃኒት ያልተገኘው ለሦስተኛው ነው።

ዘመድ በፎቶግራፍ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በአራት ክፍል ሊጠና ይችላል። የመጀመሪያው የመስቀል ፍቅር ነው፤ የተወደደው ፎቶ በመስታወት ገብቶ ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ይሰቀልና፣ ማለዳ ማለዳ የይፋት ፀሐይ ገብታ እየላሰችው በጥቂት ዓመት ውስጥ የታላቁ ሰው መልክ ወደ ጢስነት ይለወጣል፤ ያልተወደደው፣ ሣጥን ግርጌ የተረሳው ግን እንደ ትናንት ጥርት ብሎ ይገኛል። በዚህም ምክንያት በብዙ ቤቶች እስከ ዛሬ በጥሩ ሁኔታ የቆየው ማንም ያልወደደው የአጎት ምስል ነው። ሁለተኛው የመቀስ ፍቅር ነው። «ጉርድ ፎቶ» ማለት ከደረት በላይ ያለው የሰው ምስል ለመታወቂያና ለማመልከቻ የሚሆን ሲሆን፣ ስሙ «መጉረድ» ከሚለው ግስ መምጣቱ ሥራውን ቀድሞ ይናገራል፤ ጉርድ የሌለው ዘመድ ለቀበሌ በቸኮለ ጊዜ ከኅብረት ፎቶው ላይ ራሱን ቆርጦ ይሄዳል፤ የቀረው ማኅበርም አንድ ክብ ቀዳዳ በመካከሉ ይዞ፣ ከቀዳዳው በታች ደግሞ ሱሪና ጫማ ብቻ ቆሞ፣ ለዘለዓለም ፈገግ እንዳለ ይኖራል። ትዳር ሲፈርስም መቀሱ ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ቆራጩ የሚረሳው ነገር ስላለ፣ በቀረው ሰው ትከሻ ላይ ባለቤት የሌለው እጅ ተደግፎ ይታያል።

ሦስተኛው የለቅሶ ፍቅር ነው። በአካባቢው ልማድ የሟች ፎቶ በለቅሶው ቦታ ስለሚያዝ፣ ሰው ባረፈ ማግሥት ቤተሰቡ ያለውን አንድ ጉርድ ፎቶ ይዞ «ይደግልን» ሲል ወደ ፎቶ ቤት ይሮጣል። ኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጠው ወጣት የአውራ ጣት ጥፍር የምታክለውን ምስል የመስኮት ያህል ሲያሳድጋት ሸካራ ትሆንበታለችና፣ ያንን ለመሸፈን ሟቹን ጥቁር ሱፍ ያለብሰዋል፤ ክራቫትም ያስርለታል። በዕድሜው ሙሉ በሽርጥና በነጠላ ማሽላ ሲጠብቅ የኖረ ገበሬ እንደ ሚኒስትር ለብሶ፣ ከበስተኋላውም ሰማይና ፏፏቴ ተደርጎለት ይሸኛል፤ ዋናዋ ጉርድ ግን በዚያ ግርግር ከፎቶ ቤቱ ጠረጴዛ ሳትመለስ ትቀራለች። የነገ ታሪክ ጸሐፊ እነዚህን ምስሎች ብቻ ይዞ ቢነሣ፣ የይፋት ቆላ ሕዝብ ሽንኩርትና ማሾ የሚያመርት ሳይሆን በሙሉ በቢሮ ሥራ የሚተዳደር ነበር ብሎ መደምደሙ አይቀርም። አራተኛው የጥበቃ ፍቅር ነው፤ ፎቶው እንዳይበላሽ ተብሎ በላስቲክ ይታሸጋል፣ በሚጣበቅ አልበም ላይ ይለጠፋል፣ ስንጥቁ በፕላስተር ይያያዛል፤ ሙጫውም ቀስ ብሎ ወደ ምስሉ ዘልቆ ያጠፋዋል፤ ለመላቀቅ በተሞከረ ጊዜም የሰውየው ፊት አልበሙን መርጦ ይቀራል።

ጉዳቱ እንዲህ የከበደው ምስሉ ለተራው ሰው የደረሰው ዘግይቶ ስለሆነ ነው። ፎቶግራፍ የማንሳት ጥበብ በ1839 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ለዓለም ከተበሰረ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሻምበል ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በአልዩ አምባ በኩል ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ሲወጣ፣ መልክ እንዲይዝለት ያመጣው ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የሚባለውን ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር፤ የበርናትዝ ሥዕሎችም በ1852 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ታተሙ፤ በመሆኑም የአካባቢው የመጀመሪያ አልበም ሊባል የሚችለው ከአውሮፓ የወጣ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ሲሆን፣ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው በቤተ መንግሥት ቀጠሉ። ተራው የቆላ ገበሬ ግን ከካሜራ ፊት የቆመው በአብዛኛው ቆይቶ፣ ያውም ወዶ ሳይሆን መታወቂያ አምጣ ተብሎ ነው፤ በብዙ አሮጌ ጉርዶች ላይ የሚታየው የደነገጠ ዓይንም ከብርሃኑ ይልቅ ከትእዛዙ የመጣ ይመስላል።

ወዶ የተነሣው የፎቶ ቤቱ ምስል ሌላ ዓለም ነው። በዚያ ዘመን ሥርዓት ሁለት ጓደኛሞች ሐይቅና ዘንባባ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት ይቆማሉ፤ አንደኛው ክንዱን በሌላው ትከሻ ያሳርፋል፤ በመካከላቸው የፕላስቲክ አበባ ይቀመጣል፤ ሰዓት ያሰረውም እንዲታይለት እጅጌውን ወደ ላይ ሰብሰብ ያደርጋል። ፎቶ ቤቱ ለደንበኛ የሚያውሰው ኮት ስለነበረው፣ የአንድ ከተማ አሮጌ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲደረደሩ ያው አንድ ኮት፣ ያው አንዱ የጎደለ ቁልፉ፣ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ይገኛል፤ ለአንዱ እጅጌው እስከ ጣቱ ይወርድበታል፤ ለሌላው ክንዱ ላይ ይቀርበታል። ተመራማሪ ሊያውቅ ከሚገባው ነገር አንዱ ይህ ነው፤ ኮቱ ስለ ሰውየው ሀብት የሚመሰክረው ነገር የለም፤ ስለ ምኞቱ ግን በሚገባ ይመሰክራል።

ከሁሉ የሚብሰው ጉድለት የሚገኘው ግን በፊት ለፊቱ ሳይሆን በጀርባው ነው። የፎቶ ጀርባ በጥንቃቄ ሲነበብ ሦስት ዓይነት ይሆናል፤ ምንም ያልተጻፈበት፣ «ለማይረሳው ጓደኛዬ ለማስታወሻ» ተብሎ የማይረሳው ሰው ስም የተረሳበት፣ እንዲሁም «ሮቢት፣ 68» የሚል ብቻ የሰፈረበት። ሦስተኛው የተሟላ መረጃ ቢመስልም ለሊቅ ፈተና ነው፤ ሮቢት የሸዋዋ ናት ወይስ በቆቦ አጠገብ ያለችው? 68 የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ አብዮቱ ፈንድቶ መሬት ላራሹ ታውጇል፤ የፈረንጅ ከሆነ ግን ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ናቸው። በሁለት አኃዝና በአንድ ቃል መካከል አንድ መንግሥት ሙሉ ይወድቃል ወይም ይቆማል። ጸሐፊው ይህን ያላብራራው ሰነፍ ስለነበረ ሳይሆን፣ «ይኼንን የማያውቅ ማን አለ?» ብሎ ስላሰበ ነው፤ ማስታወሻ የሚጠፋውም ሁልጊዜ የሚያውቀው ሰው በሕይወት ባለበት ዘመን ነው።

ዕቃዎችም ከዚህ ዕጣ አያመልጡም። በይፋት ቤቶች በእናት መቀነት ተቋጥሮ የቆየው የማርያ ትሬዛ ብር ላይ 1780 የሚል ዓመት በግልጽ ስለሚነበብ፣ ባለቤቱ «ይህ ብር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከቤታችን አልወጣም» ብሎ ይኮራል፤ እውነቱ ግን የኦስትሪያዋ ንግሥት በዚያ ዓመት ካረፉ በኋላ ብሩ ዓመቱ ሳይቀየር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲመታ መኖሩ ነው። ከዘመናት በኋላ የመጣው ካሜራም ይህንኑ ጠባይ ወርሷል፤ ሰዓቱን ያስተካከለለት ሰው ስላልነበረ በፎቶው ጥግ በብርቱካናማ ቀለም የታተመው ቀን ሰርጉንም፣ ክርስትናውንም፣ መውሊዱንም፣ ምረቃውንም በአንድ ዕለት አውሎታል። ከነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚታመነው የዕድር መዝገብ ነው። ዕድር ሰዎች በለቅሶና በችግር ለመረዳዳት የሚያቋቁሙት ማኅበር ሲሆን፣ ጸሐፊው ማን መዋጮ እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን እንደተቀጣ፣ ማን መቼ እንዳረፈ በመስመር ባለ ደብተር ይመዘግባል። መዝገቡ ስም ሞልቶት መልክ የለውም፤ አልበሙ መልክ ሞልቶት ስም የለውም፤ ሁለቱም በአንድ መንደር፣ ምናልባትም በአንድ ቤት፣ ሳይተዋወቁ ያረጃሉ።

የአልበሙን ዋጋ የአካባቢው ሰው የሚያውቀው ካጣው በኋላ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያፈርስና ካራቆሬን ሲጎዳ፣ በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲመጣ፣ ሰው የሸሸው በእግሩና በእጁ በያዘው ብቻ ነው። የሚሸሽ ሰው ልጁን ያነሣል፤ ከተረፈው ጊዜ የመሬት ደብተሩንና የምስክር ወረቀቱን ይይዛል፤ አልበም ግን ይከብዳል፣ አይበላም፣ ለማንም መሥሪያ ቤት አይቀርብም። በዚህ ላይ መቀለድ ከሥነ ሥርዓት ውጪ ነው። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ከተደረደሩት ፊቶች ብዙዎቹ ለትምህርት ቤትና ለመታወቂያ የተነሡ ጉርዶች መሆናቸው፣ ትንሿና የተናቀችው ምስል አንድ ቀን የአንድ ሰው ብቸኛ ምስክር ልትሆን እንደምትችል ለማስረዳት ይበቃል።

የመድኃኒቱ ዋጋ ደግሞ ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም። የመጀመሪያው መሣሪያ ለስላሳ እርሳስ ነው፤ እስክሪብቶ ቀለሙ ወደ ፊት ለፊት ይዘልቃል፣ እርሳስ ግን አይዘልቅም፤ በፎቶው ጀርባ ጠርዝ ላይ፣ ሳይጫኑ፣ ማን፣ የት፣ መቼ፣ በየትኛው አቆጣጠር ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። ሁለተኛው የእጅ ስልክ ነው፤ ፎቶውን ከመስታወቱ አውጥቶ በጥላ ቦታ፣ ያለ ፍላሽ፣ ፊቱንም ጀርባውንም ማንሳት ይገባል፤ ሆኖም ስልክ የሚጠፋ፣ የሚሰረቅና ሮቢ ወንዝ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ፣ በስልክ ብቻ የተቀመጠ ፎቶ ተቀምጧል አይባልም። ሦስተኛው የዕድሩ ዓመታዊ ስብሰባ ነው። ሒሳቡ ተነግሮ ንፍሮው ከመቅረቡ በፊት ፎቶዎቹ በሰሌን ላይ ቢዘረጉ፣ ሽማግሌዎቹ ስም መጥራታቸው አይቀርም፤ አራት ሽማግሌዎችም ለአንድ ፊት ሦስት ስም ያወጣሉ፤ አምስተኛው ደግሞ «ይኼማ እኔ ነኝ» ይላል። የጸሐፊው ሥራ መፍረድ ሳይሆን ሁሉንም፣ ማን እንዳለውም ጭምር መጻፍ ነው፤ እውነቱን የሚለየው የነገው አንባቢ ነው።

አራተኛው መድኃኒት ዘመድ ራሱ ነው። የይፋት ሰው ከጥንት ጀምሮ የቆላውን ማሽላ ወደ ደጋ ሲያወጣ፣ የደጋውን ገብስ ወደ ቆላ ሲያወርድ፣ ደጋውን ከቆላው በሚለየው ገደል አፋፍ ባሉት ገበያዎች ሲገናኝ የኖረ ነው፤ ፎቶግራፍም ከዚህ ልውውጥ የሚቀርበት ምክንያት የለም። አንዱ ቅጂ ሮቢት ቢቀር፣ ሌላው ደብረ ብርሃን ላለች እኅት ቢላክ፣ ሦስተኛው አዲስ አበባ ለሚኖር የወንድም ልጅ ቢደርስ፣ ሙቀቱም፣ ምስጡም፣ እግዜር አያድርሰውና እሳቱም በአንድ ቀን ሦስቱንም ሊያገኝ አይችልም። በ2018 እ.ኤ.አ. «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ርእስ የታተመው የፎቶ መጽሐፍ ከተራ ቤተሰቦች አልበም የተሰበሰቡ ምስሎች ከተማዋን ለማሳየት እንደሚችሉ አረጋግጧል፤ ለይፋትም ቢሆን ሥራውን የሚጀምረው የሚቀጥለው ለቅሶ ከመድረሱ በፊት መቀሱን የሚደብቅ አንድ ዘመድ ነው።

ስምን የመጻፍን ጥቅም አካባቢው ራሱ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ጠንቅቆ ያውቀው ነበር። ከ1285 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የይፋት ሱልጣኔትን የገዙት የወላስማ ሥርወ መንግሥት ሰዎች መልካቸው ምን ይመስል እንደነበር፣ ጺማቸው ረጅም ይሁን አጭር የሚያውቅ የለም፤ የተሳለም የተነሣም ምስል የላቸውም። ነገር ግን ከዘመዶቻቸው አንዱ ድንጋይ ጠርቦ ስማቸውን በዐረብኛ አስጽፎ በመቃብራቸው ላይ አቁሞ ነበርና፣ ፈረንሳውያን የታሪክና የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች ከጥቂት ዓሥርት ዓመታት ወዲህ በገደሉ ዳር የጥንቶቹን ከተሞች ፍርስራሽ ሲያጠኑ፣ ድንጋዩ ሙቀቱንም፣ ምስጡንም፣ ዘመዱንም ችሎ ቆይቶ የማን እንደሆነ ነገራቸው። እዚያው ሥር፣ በሸዋ ሮቢት፣ ከቡፌው መስታወት ጥግ ደግሞ ሰዓቱ እንዲታይለት እጅጌውን የሰበሰበ አንድ ወጣት፣ ጥርሱ ሳይቀር ጥርት ብሎ፣ ኮቱ ትንሽ ጠቦት፣ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ «ማን ነው?» ሲባል ግን ቤተሰቡ እርስ በርሱ ተያይቶ «የኛው ሰው ነው» ይላል። እርሳሷ ያለችው ከልጆቹ የትምህርት ቦርሳ ውስጥ ነው።